ድንጋይ በስቶ ቤት ማሞቅ ይቻላል? ለወለቃስ ያዋጣል?

ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ስትሉ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀውን ወለቃን ታገኛላችሁ። የአካባቢው መሬት ከሥሩ ባዛልት ነው፤ ጥቁር ድንጋይ። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ድንጋይ በስተው ቤት ያሞቃሉ። እኛ ጋስ? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

👉 ምንድነው?
ወደ 10 ሜትር ገደማ ከወረዳችሁ በኋላ የመሬት ሙቀት ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ከ50 እስከ 200 ሜትር ቁልቁል ይቆፈርና ታጥፎ የሚመለስ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባበታል። በቱቦው የሚዞረው ፈሳሽ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ሂት ፓምፕ የሚባለው ማሽን ደግሞ እንደ ፍሪጅ እየሠራ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ለቤቱ ይሰጣል። ለ1 እጅ መብራት 3 ወይም 4 እጅ ሙቀት ይገኛል።

ከአሉቶ ላንጋኖ ጋር እንዳታምታቱት። እዚያ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ የተቆፈረው በእንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው።

👉 ድንጋዩ እንዴት ይበሳል?
በአየር ግፊት እየመታ በሚወርድ መዶሻ ነው። የላይኛው ልል አፈር እንዳይደረመስ ኬዚንግ ይገባለታል። ከዚያ በታች ጠንካራ ድንጋይ ራሱን ችሎ ይቆማል። ስዊድን ውስጥ ብዙ ቤቶች በግራናይት ላይ እንዲህ ይሞቃሉ። ባዛልት ግን ሙቀት የሚያስተላልፈው ከግራናይት ባነሰ መጠን ስለሆነ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ይፈልጋል። የተሰነጣጠቀ ንብርብር ካጋጠመ ደግሞ አየሩ እዚያው ይጠፋል፣ ግድግዳውም ሊናድ ይችላል።

👉 ለወለቃስ?
አያዋጣም ባይ ነን። የጎንደር ብርድ ጋቢ የሚችለው ነው፤ የገላ ውሃም በጣሪያ ሶላር ይሞቃል። ከተማዋን የቸገራት ውሃ ነው፤ የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱን የማያውቅ የለም። ለሙቀት ቆፋሪው ራስ ምታት የሆነው ያ ስንጥቅ ድንጋይ ደግሞ ለውሃ ቆፋሪው ሲሳይ ነው፤ ባዛልት ውስጥ ውሃ የሚጠራቀመው በስንጥቁ ነውና።

👉 ከማስቆፈራችሁ በፊት
• በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በማሽን ከሆነ ግን መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ።
• የከርሰ ምድር ጥናት አስቀድሙ።
• «ደረቅ ቢወጣስ ማን ይከፍላል?» የሚለው በውሉ ላይ ይጻፍ። ክፍያ በሜትር ከሆነ ውሃ ባይገኝም ብሩ ይሄዳል።

ጉድጓድ ሊያስቆፍር ያሰበ ጎረቤት ካላችሁ አጋሩት።