የፈረሰ ገበያ ዳግም ሲታነጽ፦ የበርሚንግሃሙ ቡል ሪንግ ታሪክ

ገበያ ዕቃ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ሥፍራ ብቻ አይደለም። ሰው ከሰው የሚገናኝበት፣ ወሬ የሚለዋወጥበት፣ አዋጅ የሚሰማበትና ብሶቱን የሚገልጽበት፣ በጠቅላላው ሕዝብ ራሱን እንደ ሕዝብ የሚያይበት አደባባይ ነው። ስለሆነም አንድ የገበያ ሕንፃ ፈርሶ ሌላ ሲተካ የሚነሣው ጥያቄ የአርማታና የመስተዋት ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም። በዚያ መሬት ላይ ማን ይቆማል? ማን ያልፋል? ማንስ ወደ ዳር ይገፋል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የእንግሊዟ የበርሚንግሃም ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። በዚያች ከተማ እምብርት ላይ የሚገኘው ቡል ሪንግ የተባለው ሥፍራ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ገበያ ሲቆምበት ኖሯል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አሮጌው ገበያ ፈርሶ ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ተሠራበት። አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ያ ማዕከል ራሱ ፈረሰና በምትኩ ሌላ ማዕከል ቆመ። የመጀመሪያው ስለምን ወደቀ? ሁለተኛውስ ምን አቃና፣ ምንስ ሳያቃና ቀረ? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

ከባለጉልቱ እጅ ወደ ከተማው እጅ

በ1166 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ለባላባቱ ለፒተር ደ በርሚንግሃም በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እንዲያቆም የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጠው። የገበያው መብት የሕዝቡ ሳይሆን የባለጉልቱ ነበር፤ ሻጩ ቀረጥ ይከፍላል፣ ባለጉልቱ ይሰበስባል። ይሁን እንጂ ገበያው ከቀረጥ ማግኛነት ያለፈ ሥራ ሠራ። ከቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ወደ ሬይ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ እህል ሻጩ፣ ከብት ነጂው፣ ቆዳ አልፊውና ብረት ቀጥቃጩ እየተሰባሰቡ ትንሿን መንደር ከተማ አደረጓት። የሥፍራው ስም ትርጉሙ የኮርማ ቀለበት ማለት ሲሆን፣ ኮርማዎች ከመታረዳቸው በፊት ታስረው በውሻ ይነከሱበት ከነበረው የብረት ቀለበት የመጣ እንደሆነ ይነገራል።

የገበያው ባለቤትነት ከባላባት እጅ የወጣው በ1824 ነው። በዚያ ዓመት ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት የመንገድ ኮሚሽነሮች የገበያውን መብት በ12,500 ፓውንድ ገዙ። ወዲያውም ቻርልስ ኤጅ በተባለው የሕንፃ ባለሙያ ንድፍ 600 መደቦች የሚይዝ ታላቅ የገበያ አዳራሽ አሠርተው በ1835 ከፈቱት። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1809 ሕዝቡ ባዋጣው ገንዘብ የባሕር ኃይሉ አዛዥ የኔልሰን ሐውልት በዚያው አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። ሪቻርድ ዌስትማኮት የቀረጸው ይህ የነሐስ ሐውልት ከዚያ ወዲህ የደረሰውን ግንባታና ፍርሰት ሁሉ አይቷል።

ቡል ሪንግ የሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የሐሳብም ገበያ ነበር። በ1839 ቻርቲስት የተባሉት፣ ለአዋቂ ወንዶች ሁሉ የምርጫ መብትና ምሥጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ እንዲፈቀድ ይታገሉ የነበሩ ሠራተኞች ምሽት ምሽት በዚህ አደባባይ ይሰበሰቡ ጀመር። ባለሥልጣኖች ስብሰባውን ከለከሉ፤ ሐምሌ 4 ቀንም ከለንደን የመጣ የፖሊስ ጭፍራ ሕዝቡን በዱላ በተነ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ቁጣው ገንፍሎ ቤቶች ተቃጠሉ። የንቅናቄው ጉባኤ ጸሐፊ የነበረው ዊልያም ላቬት የፖሊሱን ድርጊት የሚያወግዝ ጽሑፍ በማሳተሙ አንድ ዓመት ታሰረ። ባለሥልጣኖቹ የፈሩት ጎመን ሻጩንና ሥጋ ሻጩን አልነበረም፤ የፈሩት ሰው ሁሉ ያለ ፈቃድ የሚቆምበትን ሥፍራ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በነሐሴ ወር 1940፣ የጀርመን አውሮፕላኖች የጣሉት የእሳት ቦምብ የገበያውን አዳራሽ ጣራ አጋየው። ግድግዳው ግን ቆመ። ነጋዴዎቹም ጣራ በሌለው አዳራሽ ውስጥ መደባቸውን ዘርግተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያ የአዳራሽ ቅሪት እስከ 1963 ድረስ ገበያ ሆኖ አገልግሏል። ቦምብ ያላጠፋውን ገበያ ያናጋው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የሰላም ጊዜ ዕቅድ ነው።

መኪና የነገሠበት ዕቅድ

በርሚንግሃም የመኪና ከተማ ነበረች። የኦስቲን ፋብሪካ በሎንግብሪጅ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያሠራ ነበር፤ የከተማዋም ሀብት ከዚህ ኢንዱስትሪ ጋር የተሳሰረ ነበር። ከ1935 እስከ 1963 የከተማው ዋና መሐንዲስ የነበረው ኸርበርት ማንዞኒ የከተማዋን ማዕከል በቀለበት መንገድ ለመክበብ አቀደ። ሥራው በ1957 ተጀምሮ በ1971 ተፈጸመ። ማንዞኒ ለአሮጌ ሕንፃ እምብዛም ርኅራኄ የሌለው ሰው ነበር። በዕቅዱ መሠረት መኪናው በምድር ላይ ሳይገታ ይነጉዳል፤ እግረኛው ግን ወደ ምድር ሥር ይወርዳል።

አዲሱ የቡል ሪንግ ማዕከል የዚህ ዕቅድ ዋነኛ ማሳያ ነበር። ሌይንግ በተባለው የሥራ ተቋራጭ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ ተሠርቶ ግንቦት 29 ቀን 1964 በኤዲንበራው መስፍን በልዑል ፊሊፕ ተመረቀ። ሱቆቹ በተለያየ ፎቅ የተደራረቡ ሲሆኑ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃና አሳንሰር፣ በመሣሪያ የሚመጠን አየር፣ ከሥሩም የአውቶቡስ ጣቢያ ነበረው። ዝናብና ብርድ ለማይለየው አገር እንደ ታላቅ ሥልጣኔ ታየ። ጋዜጦች አሞገሱት፤ የሌሎች ከተሞች ሹማምንትም ሊጎበኙት መጡ።

ይሁን እንጂ ሕንፃው ገና አዲስ ሳለ ጉድለቱ ይታይ ጀመር። አንደኛ፣ የሱቁ ኪራይ ለትንሹ ነጋዴ የሚቀመስ አልሆነም፤ በላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሱቆች አንዳንዶቹ ሳይያዙ ቀሩ። ሁለተኛ፣ ከኒው ስትሪት ወደ ቅዱስ ማርቲን በቀጥታ ይወርድ የነበረውን ጥንታዊ መንገድ ቀለበት መንገዱ ቆረጠው። ልጅ ያዘለችና ዘንቢል ያንጠለጠለች እናት ገበያ ለመድረስ ጨለማና እርጥበት ባለበት የምድር ውስጥ መተላለፊያ ማለፍ ነበረባት። ሦስተኛ፣ ጉልት ሻጮቹ መደባቸውን የዘረጉበት ግልጥ ገበያ በመኪና መንገዶች መካከል በተከበበ ጎድጓዳ ሥፍራ ውስጥ ተቀበረ። ቤተ ክርስቲያኑም ከከተማው ተለይቶ በአርማታ ጀርባ ታየ።

የዚያ ሕንፃ ስሕተት ፍቅረ ዘመናዊነት አልነበረም። ስሕተቱ የሕዝቡን እግር አለመከተል ነው። ሰው ለስድስትና ለሰባት መቶ ዓመት በእግሩ ያሰመረውን መስመር በአንድ ንድፍ ማጥፋት እንደሚቻል ታሰበ። መስመሩ ጠፋ፤ ገበያተኛው ግን መቸገሩን አልረሳም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ማዕከሉ የከተማዋ መሳለቂያ ሆነ።

ሁለተኛው ፍርሰት

በ1987 አንድ የንብረት ኩባንያ ማዕከሉን አፍርሶ ከቀድሞው የገዘፈ ሕንፃ ለማቆም ሐሳብ አቀረበ። ዕቅዱ ሲታይ ግን ሌላ ቅጥር ግቢ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ነዋሪዎች፣ የሕንፃ ባለሙያዎችና ሌሎች የከተማዋ ወዳጆች «በርሚንግሃም ለሕዝብ» በሚል ስም ተሰባስበው ተከራከሩ። የጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፤ መንገዱ መንገድ ሆኖ ይመለስ፣ ገበያው ይኑር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይታይ። በክርክሩ ዕቅዱ ደጋግሞ ተሻሻለ፤ የኢኮኖሚው መዳከምም ተጨምሮበት ሥራው ዘገየ። በመጨረሻ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሦስት ኩባንያዎች ተባብረው ሥራውን ያዙ፤ በ2000 የማፍረሱ ሥራ ተጀመረ።

መሬቱ ሲቆፈር የሥፍራው ታሪክ ራሱን ገለጠ። የአርኬዎሎጂ ባለሙያዎች በኤጅባስተን ስትሪት የመካከለኛው ዘመን ቆዳ አልፊዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ ጉድጓዶችን አገኙ። በቅዱስ ማርቲን ቅጥር ግቢም በ2001 የ857 ሰዎች መቃብር ተጠና፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በከተማዋ የኢንዱስትሪ ዘመን የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ለስሙ መታሰቢያ ሐውልት ያልቆመለት የገበያና የፋብሪካ ሕዝብ በአጥንቱ ምስክርነት ሰጠ።

ሁሉም ነገር ግን አልፈረሰም። ከ1964ቱ ማዕከል አጠገብ የቆመውና የሕንፃ ባለሙያው ጄምስ ሮበርትስ የነደፈው ሮተንዳ የተባለው ክብ ፎቅ በ2000 በቅርስነት ተመዘገበ። ይህ 81 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ የኅዘንም ምልክት ነው፤ በ1974 በከተማዋ ሁለት መጠጥ ቤቶች ላይ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሲገደሉ አንደኛው መጠጥ ቤት በሮተንዳ ሥር ነበር። የአንድ ዘመን ሥራ ሁሉ ስሕተት ነው ተብሎ ተጠራርጎ አለመጥፋቱ የሚመሰገን ማስተዋል ነው።

የተመለሰው መንገድ፣ የተገፋው ጉልት

አዲሱ ማዕከል መስከረም 4 ቀን 2003 ተከፈተ። ወጪው 530 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። ፊውቸር ሲስተምስ የተባለው የሕንፃ ባለሙያዎች ቡድን የነደፈው የሰልፍሪጅስ መደብር ወደ 15,000 በሚጠጉ የአሉሚኒየም ክብ ሰሌዳዎች ተሸፍኖ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል። በመግቢያው ላይ ሎረንስ ብሮደሪክ የቀረጸው የነሐስ ኮርማ ቆሟል፤ ሕፃናት ሲወጡበት፣ ጎብኚዎች ከጎኑ ፎቶግራፍ ሲነሡ ይውላሉ። ኔልሰንም ከነክብሩ ተመልሷል።

ከጌጡ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመንገዱ መመለስ ነው። አዲሱ ማዕከል አንድ ዝግ ሣጥን ሳይሆን በመካከሉ ግልጥ መንገድ ያለፈበት ነው። እግረኛው ከሮተንዳ ሥር ተነሥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ፊት ለፊት እያየ፣ በጥንቱ ቁልቁለት ይወርዳል። አሁን ከሥር የሚያልፈው መኪናው ነው፤ በላይ የሚሄደው ሰው ነው። በ1964 ተገልብጦ የነበረው ሥርዓት ተቃና ማለት ነው።

ሆኖም ሚዛኑ በአንድ ወገን ብቻ እንዳያጋድል የቀረውንም መናገር ይገባል። የዓሣና የሥጋ ሻጮቹ ገበያ፣ የአትክልት ጉልቱና የሰልባጅ ተራው በ2000 ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ወዳለው ኤጅባስተን ስትሪት ተዛወሩ። የሥፍራውን ስም የወለዱት እነርሱ ሆነው ሳለ ዛሬ ስሙን የያዘው የታላላቅ ሱቆች ማዕከል ነው። የጅምላ ንግዱ ገበያ ደግሞ በ2018 ጨርሶ ከመሀል ከተማ ወጥቶ ወደ ዊተን ሄደ፤ የለቀቀው ቦታም በተራው ሌላ የመልሶ ግንባታ ዕቅድ ወጥቶለታል። አደባባዩም ቢሆን የሁሉ መተላለፊያ ይሁን እንጂ አስተዳዳሪውና ጠባቂው የማዕከሉ ባለንብረት ነው። በ1824 ከባለጉልት ተገዝቶ ወደ ከተማው እጅ የገባው መብት በከፊል እንደገና በግል እጅ ገብቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታላላቁ ሱቅም ዘላለማዊ አይደለም። በ2003 ከማዕከሉ ሁለት ታላላቅ መደብሮች አንዱ ሆኖ የተከፈተው ደበንሃምስ በ2021 ተዘግቷል። ጣራ በሌለው አዳራሽ ሃያ ዓመት ያህል የነገዱት የመደብ ነጋዴዎች ግን ተተኪዎቻቸው ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዋጋ ይጠራሉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አሮጌ ሕንፃን ማፍረስ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አዲስ መሥራትም በራሱ ጽድቅ አይሆንም። የ1964ቱ ማዕከል የወደቀው ገበያን የዕቃ ማከማቻ አድርጎ ስላየው ነው። የ2003ቱ የተሻለው ገበያ መንገድ መሆኑን ስላስታወሰ ነው፤ የጎደለው ደግሞ ገበያ ትንሹም ሻጭ መሆኑን በሚገባ ስላላስታወሰ ነው። የከተማ ዕቅድ የሚያወጣም ሆነ ስለ ከተማ የሚጽፍና የሚያስተምር ሁሉ ንድፉ ፊቱ ሲዘረጋ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሕንፃው ምን ያህል ያብረቀርቃል ብሎ ሳይሆን፣ ትናንት እዚህ መሬት ላይ ቅርጫቷን አስቀምጣ የነበረችው ሴት ነገ ወዴት ትቀመጣለች ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ንድፍ፣ ኮርማው የቆመበት ቀለበቱ ግን የጠፋበት ገበያ ይሆናል።