መጻተኛው ፎቶግራፍ አንሺ

ከዲያርባክር የተነሣው አርመናዊ ቤድሮስ ቦያጅያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለ ነበር፥ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ የቀረውን ጎዳና በእንስሳት ጀርባ ይፈጽመው ነበር። አራዳም በዚያ ዘመን የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብርና ታላቁ ገበያ ጎን ለጎን የቆሙባት፥ ግሪኩ፥ ሕንዱና አርመኑ ከአገሬው ጋራ የሚገበያዩባት የከተማዪቱ እምብርት ነበረች። ወገኖቹ አርመኖች በወርቅ ሥራና በንግድ ሲታወቁ፥ እርሱ ብርሃንን በመስተዋት ላይ የሚያትም ጥበብ ይዞ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን በቃ። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ቢያርፍም ሙያው ከቤቱ አልወጣም፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወርሰውት፥ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን በግድግዳና በብራና ባቆዩት የነገሥታት መልክ ላይ ሁለተኛ ምስክር ጨመሩለት።