በመጽሐፍ ውስጥ የሚኖር መጽሐፍ

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ከሚወዷቸው ዘዴዎች አንዱ፣ የሌለን መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ መጥቀስ ነው። አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1951 በታተመው «ፋውንዴሽን» በተሰኘው ድርሰቱ፣ በከዋክብት ዓለም ተጻፈ ከሚለው ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያ እየጠቀሰ ክፍሎቹን ይከፍታል። ያን ኢንሳይክሎፒዲያ ያየው የለም፤ መኖሪያው በሌላ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም ለአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመናት ከዚህ ባልራቀ ሁኔታ ላይ ነበር። የይሁዳ መልእክት ይጠቅሰዋል፤ ጥቂት የግሪክኛ ቅንጫቢዎችም ይታወቁ ነበር። ሙሉው ግን ስም እንጂ አካል አልነበረውም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ፔሬስክ የተባለ ፈረንሳዊ ሄኖክ ነው የተባለ የግዕዝ ብራና ከግብፅ አስመጣ፤ ሂዮብ ሉዶልፍ ቆይቶ ሲመረምረው ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ መጽሐፉ ጠፍቶ ነበርን? ለማን? በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ በአገራችን ከመገልበጥ አላቋረጠም። ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ተጉዞ በሚደረስበት በክብራን ገብርኤል ደሴት፣ ወደ 15ኛው ምዕተ ዓመት የሚቆጠር የሄኖክ ብራና ይገኛል። አውሮፓ ስሙን ብቻ ስትጠራ፣ በጣና ላይ አንድ ጸሐፊ ቆዳ ወጥሮና ፍቆ፣ ብርዑን ቀርጾ ቃሉን ይገለብጥ ነበር። ስሙን ግን ታሪክ አልመዘገበውም። የተመዘገበው ሦስት ግልባጮች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ የተመለሰው የጄምስ ብሩስ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ተገኘ» ተባለ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። የሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያይበታል። ሄኖክ በመልአኩ በዑራኤል መሪነት ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት በሮች ይመለከታል፤ 364 ቀኖች ያሉትን ዓመት ይማራል። በኋላም የሰው ልጅ ሥራ ሁሉ የተጻፈበትን የሰማይ ጽላት እንዲያነብ ይታዘዛል። ያን ጽላት ከምድር ሰዎች ያነበበው እርሱ ነው። ወርዶም ያየውን ይጽፋል፤ ለልጁ ለማቱሳላ ሰጥቶ ለሚመጣው ትውልድ እንዲያስተላልፍ አደራ ይለዋል። እንግዲህ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ወደ እኛ የደረሰው በገልባጭ እጅ ነው። የክብራኑ ጸሐፊ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ አደራው ለማቱሳላ ብቻ የተሰጠ አልነበረም።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻ የተገኙትና ሚሊክ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተማቸው የአራማይክ ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋግጠዋል። ሆኖም ቁርጥራጮች ናቸው፤ ሙሉው ዛሬም በግዕዝ ብቻ ይነበባል። የክብራንን ብራና መሠረት አድርጎ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ኢትዮጵያዊው ኤፍሬም ይስሐቅ ነው። ከሎረንስ በኋላ 162 ዓመታት አልፈዋል።

መጽሐፍ የሚሞተው ሲቃጠል ብቻ አይደለም፤ የሚያነበውና የሚገለብጠው ሲያጣም ነው። የሰው ስም ያልተጻፈለት የጣናው ጸሐፊ የድርሻውን ተወጥቷል። ብራናውን በሣጥን ቆልፎ መጠበቅ ግማሹ ሥራ ነው። ግዕዙን የሚያነብ፣ ያነበበውንም ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የሚያቀርብ ትውልድ ካላፈራን፣ መጽሐፉ በገዛ አገሩ ስሙ ብቻ የሚጠራ ይሆናል።