ህብለ ሰረሰር እርምጃ ያውቃል

እ.ኤ.አ. በ1911 ቶማስ ግርሃም ብራውን የተባለ የኤደንብራ ተወላጅ ሐኪም በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ስለ ድመት አረማመድ አንድ ጥናት አሳተመ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራውን የሠራው በሊቨርፑል፣ በዘመኑ የነርቭ ሳይንስ ታላቅ ሰው በነበረው በቻርልስ ሼሪንግተን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የደረሰበት ውጤት ግን ከአስተናጋጁ አስተሳሰብ ጋር አልተስማማም።

ሼሪንግተን መራመድን የሚያየው እንደ ሪፍሌክስ ሰንሰለት ነበር። እግር መሬት ሲረግጥ፣ ዳሌ ወደ ኋላ ሲሳብ፣ ቆዳና ጡንቻ ለህብለ ሰረሰር ይናገራሉ፤ ያ መልእክት ቀጣዩን እንቅስቃሴ ይቀሰቅሳል፤ ያኛውም በተራው ሌላውን ይጠራል። እምነቱ መሠረት ነበረው። በጀርመን ፍሮይስበርግ የተባለ ተመራማሪ ገና በ1874 ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ውሻ ተንጠልጥሎ ሳለ የኋላ እግሮቹ እንደሚራመዱ ጽፎ ነበር። አንጎል የግድ እንዳልሆነ ታውቋል። ያልታወቀው ምቱ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ግርሃም ብራውን ሰንሰለቱን ራሱን በጠሰው። ድመቷን አደንዝዞ፣ ከኋላ እግሮቿ ወደ ህብለ ሰረሰር ስሜት የሚያደርሱትን የነርቭ ሥሮች ቆረጠ። ከዚህ በኋላ እግሩ የት እንዳለ ለህብለ ሰረሰሩ የሚነግር የለም። ቁርጭምጭሚቱን የሚያጥፈውን የቅልጥም ጡንቻና የሚዘረጋውን ባት ብቻ ትቶ የሁለቱን መኮማተር ይከታተል ጀመር። ቀጥሎ ህብለ ሰረሰሩን ከደረት ግርጌ ቆረጠው፤ ከላይም ትእዛዝ ቀረ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጡንቻዎች ተራ በተራ መኮማተር ጀመሩ። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፣ ያኛው ሲጠብቅ ይህኛው ይላላል። ብዙም አልቆየም፤ ግን የእርምጃ ምት ነበር፤ የመጣውም ከላይም ከታችም ከተቆረጠ የህብለ ሰረሰር ክፍል ውስጥ ነው።

ማብራሪያው ይህ ነበር፦ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት የነርቭ ሴሎች ቡድን አለ፤ አንዱ ያጥፋል፣ ሌላው ይዘረጋል። አንዱ ሲሠራ ሌላውን ያፍናል፤ ሲደክም ማፈኑ ይላላና ተራው ይዞራል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይነሳል፤ አጠገባቸው ቆሞ ተራ የሚያስይዝ አያስፈልጋቸውም።

ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዞር ብሎ የሚያየው አጣ። ሼሪንግተን በ1932 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል የሪፍሌክስ ሳይንስ ሥልጣን ጸንቶ ነበር። ግርሃም ብራውን በካርዲፍ ፕሮፌሰር ቢሆንም ይበልጥ ስሙ የገነነው በተራራ ወጪነት ነው፤ በ1927 እና በ1928 ከፍራንክ ስማይዝ ጋር በሞን ብላን የብሬንቫ ገጽ አዳዲስ መንገዶች ከፍቷል። እኔን የሚቆጨኝ የእርሱ ክብር አይደለም። ህብለ ሰረሰር የአንጎል ትእዛዝ አስተላላፊ ብቻ ነው ተብሎ በታሰበበት ዘመን ሁሉ፣ ወገባቸው የተሰበረ ሰዎች ከጉዳታቸው በታች የቀረው አካል ምንም እንደማያውቅ ተቆጥሮባቸዋል።

ሐሳቡ እንደገና የተነሣው በ1960ዎቹ ነው። በስዊድን ጎተንበርግ አንደርስ ሉንድበርግና ኤልዝቢዬታ ያንኮቭስካ ህብለ ሰረሰራቸው ለተቆረጠ ድመቶች ኤል-ዶፓ የተባለውን መድኃኒት ሰጥተው የሚፈራረቁ የአጣፊና የዘርጊ ቡድኖችን አገኙ። በሞስኮ ደግሞ ሺክ፣ ሴቬሪንና ኦርሎቭስኪ የድመት መካከለኛ አንጎል ላይ አንድ ቦታ በኤሌክትሪክ ሲነኩ ድመቷ ትሬድሚል ላይ ተራመደች፤ ኃይሉን ሲጨምሩ ሶምሶማ፣ ከዚያም ግልቢያ። ከላይ የሚመጣው "ጀምር" እና "ፍጠን" ነው፤ ዝርዝሩ የታችኛው ነው።

የሉንድበርግ ተማሪ የነበረው ስቴን ግሪልነር ዝርዝሩን በላምፕሬይ ፈለገው፤ መንጋጋ የሌለው፣ እባብ የመሰለ ዓሣ ነው። ህብለ ሰረሰሩ ከሰውነቱ ተለይቶ በሳህን ውስጥ ለቀናት ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ ግሉታሜትን የመሰለ ኬሚካል ሲጨመርበትም የዋና ምት ይጀምራል። የሚዋኝ ዓሣ ሳይኖር ዋናው አለ! 100 ያህል ክፍሎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው የዑደቱን 1 በመቶ ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህ ከራስ እስከ ጭራ አንድ ሙሉ ማዕበል ይሄዳል። የሚቀሰቅሱት ሴሎች ግሉታሜት፣ ተሻግረው ተቃራኒውን ወገን የሚያፍኑት ደግሞ ግላይሲን ይጠቀማሉ። ግርሃም ብራውን ሁሉን በትክክል አልገመተም፤ የህብለ ሰረሰሩ አንድ ወገን ብቻውንም ምት ያወጣል፣ መተፋፈኑ በዋናነት ተራ ያስይዛል።

ከዚያ የዘረመል ዘመን መጣ። በስቶክሆልም የኦሌ ኪን ቡድን በ2013 ቪ-ዜሮ የሚባሉትን አገናኝ ሴሎች ያጠፋባቸው አይጦች ግራ ቀኝ ማፈራረቅ አቅቷቸው እንደ ጥንቸል ዘለሉ። ከሴሎቹ አንዱ ዓይነት ብቻ ሲጎድል የዝግታው እርምጃ፣ ሌላው ሲጎድል ሶምሶማው ይበላሻል። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ ከኡፕሳላ የተነሡ ተመራማሪዎች የአይስላንድ ፈረሶችን ስገራ፣ ማለትም በአንድ ወገን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮች አብሮ እያነሡ መሄድን፣ ዲኤምአርቲ3 በተባለ ዘረመል ውስጥ ካለች የአንድ ፊደል ለውጥ ጋር አያያዙት። ዘረመሉ የሚሠራው በህብለ ሰረሰር ሴሎች ውስጥ ነው። ሰጋር በቅሎ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው ይህች ትንሽ ልዩነት ለወገብ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ለሰው ልጅስ? በሞንትሪያል ባርቦና ሮሲኞል በ1987 ህብለ ሰረሰራቸው የተቆረጠ ጎልማሳ ድመቶች በትሬድሚል ልምምድ የኋላ እግሮቻቸው ክብደት ችለው እንደገና እንደሚራመዱ አሳዩ። እዚህ ላይ ሼሪንግተንም ድርሻውን አገኘ፤ ወደ ኋላ የሚሳበው ዳሌ የሚልከው መልእክት ቀጣዩን እርምጃ ያስነሣል። በ1998 ሚላን ዲሚትሪዬቪችና ባልደረቦቹ ከጉዳቱ በታች ያለው የሰው ህብለ ሰረሰር በኤሌክትሪክ ሲነካ፣ በጀርባቸው በተኙ ሰዎች እግር ላይ የእርምጃ ዓይነት ምት እንደሚቀሰቀስ ዘገቡ። በ2018 በሎዛን፣ ከተጎዱ ከአራት ዓመት በላይ የሆናቸው ሦስት ሰዎች ከእርምጃው ጋር በተገጣጠመ የኤሌክትሪክ ምት በድጋፍ ተራመዱ። ፈውስ ነው ማለት አይቻልም፤ መሣሪያው በቀዶ ሕክምና ይገባል፣ ልምምዱ አድካሚ ነው፣ ብዙዎችም አይደርሳቸውም።

የሎዛኑ ቡድን በ2022 ይህን ማገገም የሚያመጣውን ሴል በአይጦች ህብለ ሰረሰር ውስጥ ፈልጎ አገኘው። ጤነኛ አይጥ ላይ ሴሎቹ ሲታፈኑ አይጧ እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች። ተጎድታ ካገገመች በኋላ ሲታፈኑ ግን እርምጃው ይጠፋል።