ከግምጃ ቤት የሚወጡ አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ፍተሻ

በአሰላና በአርሲ ደጋ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ግምጃ ቤት፣ በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) ዘመን የቀረ ሬዲዮ ወይም የድምፅ ማጉያ ቢገኝ፣ ሳይፈተሽ ከኤሌክትሪክ ሊገናኝ አይገባም። ለዓመታት ያለ ሥራ የቆየ ኤሌክትሮላይቲክ ኮንደንሰር የውስጥ መከላከያ ሽፋኑ ስለሚሳሳ፣ ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ሲደርሰው ሊፈነዳ ይችላል። ባለሙያው አስቀድሞ አቅሙንና የሚያፈሰውን የኤሌክትሪክ መጠን ይለካል፤ ቮልቴጁንም ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርጋል። ሲሊከን ትራንዚስተሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ሆነው ይገኛሉ።

ዘይት የያዙ ትልልቅ ኮንደንሰሮች ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊኖርባቸው ስለሚችል አይከፈቱም፤ ለሐራጅም ሊቀርቡ አይገባም። ኢትዮጵያ ተዋዋይ የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት፣ ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች አገልግሎት እ.ኤ.አ. እስከ 2025 እንዲያበቃ፣ አወጋገዳቸውም እስከ 2028 እንዲከናወን ይጠይቃል።