በርሜሉና መሬቱ፤ የብስባሽ ታሪክ ከሸደር ሲታይ

የታሪክ መጻሕፍታችን ማን እንደ ነገሠ፣ ማን እንደ ዘመተ፣ የትኛው ንጉሥ ስንት ቀን ግብር እንዳበላ ይነግሩናል። ግብሩ ሲያበቃ አጥንቱና ፍርፋሪው የት እንደ ተጣለ ግን ትንፍሽ አይሉም። ጥራጊ ታሪክ ያለው አይመስለንም። እኛ ግን አለው እንላለን። የዛሬው ጉዳያችን ብስባሽ ነው፤ በተለይም በዘንግ ላይ ተጋድሞ እንደ ወተት ቅል እየተናጠ የማዕድ ቤት ትራፊን ወደ አፈር የሚለውጠው በርሜል። ቦታችን ደግሞ ሸደር ነው።

ሸደር ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአውበሬ ወረዳ፣ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር አቅጣጫ የምትገኝ ቦታ ናት። ስሟ በዜና የሚነሣው በስደተኞች መጠለያዋ ነው። በ1991 ቀብሪበያህ፣ በ2007 አውበሬ፣ በ2008 ደግሞ ሸደር፣ ከሶማሊያ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ተከፈቱ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። “ሰው ውሃና ራሽን በሚጠብቅበት ቦታ ስለ ብስባሽ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?” የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለምና ወደ ኋላ እንመለስ።

ከጉድጓድ ወደ በርሜል

ብስባሽ የሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባው በሕንድ በኩል ነው። አልበርት ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት ባለሙያ በ1905 ወደ ሕንድ ሄደ። የተላከው ሊያስተምር ነበር። እዚያ ሲደርስ ግን የሚማረው ነገር እንዳለ ገባው፤ የሕንድን ገበሬዎች ተከታተለ፤ ስለ ቻይናና ጃፓን ገበሬዎች የተጻፈውንም አነበበ። ከ1924 እስከ 1931 ኢንዶር በተባለ ከተማ የምርምር ጣቢያ ሲመራ፣ የሰብል ተረፈ ምርትን፣ እበትን፣ አመድንና አፈርን በንብርብር እየከመሩ፣ ውሃ እያርከፈከፉና እያገላበጡ በ3 ወር ገደማ ለም አፈር የሚሠሩበትን ዘዴ አሰናዳ። ዘዴው እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል።

የዘዴው ምሥጢር ማገላበጡ ነው። ክምሩን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አየር ይፈልጋሉ። አየር ሲያገኙ ክምሩ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ። አየር ሲያጡ ግን ክምሩ ይበሰብስ ይሆናል እንጂ ይገማል፤ ዝንብ ይጠራል። ችግሩ፣ ማገላበጥ ወገብ ይቆርጣል። ሰነፍ ገበሬ ብስባሹን ያልሠራው ስለማያውቅ ሳይሆን መንሹ ስለከበደው ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

መፍትሔውን ያመጣው ፋብሪካ ነው። በ1930ዎቹ በዴንማርክ ዳኖ የተባለው አሠራር ተፈጠረ፤ የከተማ ቆሻሻ በግዙፍ የብረት ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ሲሊንደሩ እየዞረ ያብላላዋል። ኋላ ይኸው ሐሳብ ጠበበና በሰው ጓሮ የሚቆም፣ በእጅ የሚዞር በርሜል ሆነ። መንሹ ቀረ፤ እጀታ መጣ።

ጓሮና እሳት

የእኛ ገበሬ ግን ሃዋርድን አልጠበቀም። በደጋው አገር የቤት አመድ፣ ጥራጊና የበረት ፍግ ለዘመናት ወደ ጓሮ ሲወጣ ኖሯል። ጎመኑ፣ ጌሾውና በቆሎው ከቤቱ አጠገብ የሚለመልመው ለዚህ ነው። ጉራጌ ዘንድ ደግሞ ከብቱ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ጠዋት ጠዋት እበቱ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። እንሰት አንድን መሬት ሳያደክም ለትውልድ የሚቆየው ይህን እየበላ ነው።

ይሁን እንጂ ፍግ ጠላት ነበረው፤ እሳት። ደኑ ሲመናመን እንጨት ጠፋ፤ እንጨት ሲጠፋ እበቱ ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ከምጣድ ሥር ገባ። ዳግማዊ ምኒልክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ባሕር ዛፍ ማስገባታቸው ከተሞችን አስተነፈሰ እንጂ የገበሬውን ምድጃ ሁሉ አልሞላም። ማሳው ሊበላው የሚገባውን ምድጃው በላው። ማንም ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ዛሬ ያልበሰለ እንጀራ ለከርሞ ምርት አያደርስማ።

ከዚያ ሌላ እንግዳ መጣ። በ1967 በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትና ከ1971 ወዲህ የተስፋፋው የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም ዘመናዊ ማዳበሪያን ለገበሬው አስተዋወቁ። ምርት ጨመረ፤ አንክድም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ማዳበሪያ ማለት የሚያዳብር፣ የሚያለማ ማለት ነበር። ዛሬ ሱቅ ሄዳችሁ “ማዳበሪያ ስጠኝ” ብትሉ ባለሱቁ የሚያቀብላችሁ ባዶ ጆንያ ነው። ቃሉ ከአፈሩ ወደ ዕቃው፣ ከዕቃው ወደ ከረጢቱ ተሻገረ። አፈር ማዳበር በመርከብ የሚመጣና በከረጢት የሚሸጥ ነገር ሆኖ በአእምሯችን መቀመጡን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አናውቅም።

ትግራይ ላይ የሆነው

በ1996 የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በ4 የገጠር ማኅበረሰቦች የብስባሽ ሥራ ጀመረ። ከሥራው ጀርባ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ እሳቸው በ2018፣ ዶክተሩ በ2023 አርፈዋል።

ሥራው ብስባሽ ብቻ አልነበረም። እርከን ተሠራ፤ ቦረቦር ተገታ፤ ልቅ ግጦሽ በመንደሩ በራሱ ሕግ ታገደ። ከዓመታት በኋላ ከማሳዎቹ የተሰበሰበው ምርት ሲመዘን፣ ብስባሽ የገባበት መሬት ምንም ካልተጨመረበት እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ ዘመናዊ ማዳበሪያ ከገባበትም እኩል ወይም የበለጠ ሆነ። ገበሬዎቹ ከዚህ ይልቅ ያደነቁት ሌላ ነገር ነው፤ ዘንድሮ የገባ ብስባሽ ከርሞም ይሠራል።

እዚህ ላይ ነው የታሪኩ ቋጠሮ። ከርሞ የሚሠራ ነገር የሚጠቅመው ከርሞ እዚያው ላለ ሰው ነው። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ነገር ግን ተከትሎት የመጣው ተደጋጋሚ ድልድል ገበሬውን “ይህ ማሳ የማን ይሆን?” የሚል ስጋት ውስጥ ጣለው። በአማራ ክልል በ1997 እንኳ ድልድል ነበረ። ነገ ለሌላ ሊሰጥ የሚችል ማሳ ላይ ጉድጓድ ምሶ፣ ፍግ ተሸክሞ፣ 3 ወር አገላብጦ ማን ይለፋል? በትግራይ ከ1998 ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ደብተር መሰጠት ጀመረ፤ የብስባሹ ሥራ በተስፋፋባቸው ዓመታት ማለት ነው። በእኛ ንባብ ሁለቱ የማይተዋወቁ ጉዳዮች አይደሉም። ብስባሽ የሚሠራው “ነገም እዚህ ነኝ” የሚል ሰው ነው።

ወደ ምሥራቅ

ይህን ይዘን ወደ ጅግጅጋ ስንወርድ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። በዚያ ሜዳ ላይ ማሽላና በቆሎ የሚያርስም፣ ከፍየልና ከግመል ጋር የሚዘዋወርም አለ። ተረፈ ምርትንም ሆነ ጥራጊን ቀድሞ የሚያነሣው እንስሳ ነው። ሐረር ይህን ወግ አድርጋዋለች፤ በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ማታ አጥንቱን ጅብ ያነሣል። በጅግጅጋ ደግሞ ከበርጫ በኋላ የሚተርፈውን ገራባ ፍየል ትለቅመዋለች። ሳይንሱ ምንም ይበል፣ የመጀመሪያዋ የብስባሽ ማሽን ፍየል ናት። ፍየሏ የማትፈልገው ጫቱ የተጠቀለለበትን ፌስታል ነው፤ እሱን ደግሞ ነፋስ እሾህ ላይ ይሰቅለዋል።

በዚህ ምድር ላይ በ1988 ሐርትሼክ መጣ። ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያ ሰፈሩ፤ መጠለያው በወቅቱ ከዓለም ትልቁ እስከ መባል ደረሰ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ምድጃ ምክንያት በዙሪያው የነበረው ዛፍ ተመነጠረ። በ2004 ሐርትሼክ ተዘጋ፤ ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የተራቆተው መሬት ግን ለአካባቢው ነዋሪ ቀረ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ለጥቂት ወር ብሎ የመጣ ሰው ዛፍ አይተክልም፤ አፈር አያዳብርም። ችግሩ ጥቂቱ ወር 16 ዓመት መሆኑ ነው።

ሸደር የተከፈተችው ከሐርትሼክ መዘጋት 4 ዓመት በኋላ ነው። ካምፑ ሲከፈት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ የሚያውቀው አፈር የሸደርን አፈር ብቻ ነው። በ2016 የኢትዮጵያ መንግሥት ለስደተኞችና ለተቀባይ ማኅበረሰብ 10,000 ሄክታር የመስኖ መሬት ለማዘጋጀት ቃል ገባ፤ የ2019ኙ የስደተኞች አዋጅም የመሥራት መብትን ደነገገ። ቃልና አዋጅ ግን መስኖ በሌለበት ሜዳ ላይ ቶሎ አይበቅሉም።

በርሜሉ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሚዞረው በርሜል እንዲህ ባለ ቦታ ዋጋው ምንድን ነው? ሻጮቹ የሚሉት “በ2 ሳምንት አፈር ይሆናል” ነው። ብዙም አትመኑ። ትንሽ በርሜል እንደ ትልቅ ክምር ሙቀት አይዝም፤ ብስባሹ ጥቂት ሳምንት ከተብላላ በኋላም ወጥቶ ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ መብሰል አለበት። በየቀኑ እየጨመሩበት ደግሞ አይጨርስም፤ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሞልቶ መዝጋትና መጠበቅ ያሻል። ሙሉ በሙሉ ከሞላ አይናጥም፤ ቅልም ቢሆን ከአፍ እስከ ገደፉ ተሞልቶ ቅቤ አይወጣውም።

እውነተኛው ጥቅሙ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ዝግ ነው፤ ፍየልና ጅብ አይደርሱበትም። ሁለተኛ፣ ውሃ ይቆጥባል፤ የዝናብ ውሃ በበርካ ተጠራቅሞ በሚጠጣበት አገር ክፍት ክምርን ማርከፍከፍ ነውር ነው፤ በርሜል ውስጥ ግን እርጥበቱ ቶሎ አያመልጥም። የአትክልት ማጠቢያና የሻይ ቅጠል እርጥበት ብዙውን ይሸፍናል። ሦስተኛውና ዋናው፣ መሬት አይፈልግም።

አሠራሩም አይከብድም። አሮጌ 200 ሊትር በርሜል ጎንና ጎኑ ተበስቶ ዘንግ ይገባበታል፤ አየር እንዲያገኝ ጥቃቅን ቀዳዳ ይበጅለታል፤ የሚከፈት በር ይሠራለታል። የፍየል በጠጥ ድንጋይ ነውና ተወቅጦና ረጥቦ ይግባ፤ ከእሱ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ደረቅ ነገር፣ ማለትም የማሽላ አገዳ ቁርጥራጭ፣ ገለባ፣ የገራባ ጭራሮ ይጨመር። በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ ይዙር። እፍኝ ወስዳችሁ ስትጨምቁት ጠብታ ወይም ሁለት ከወጣው በቂ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፤ ከተፈረፈረ ደርቋል። የጅግጅጋ ፀሐይ ብረት ሲያገኝ ሕዋሳቱን ይቀቅላልና በርሜሉ ጥላ ሥር ይቁም።

በርሜሉ ካምፕ አይመግብም፤ በአንድ ዙር የሚወጣው ጥቂት ነው። ለስደተኛው መሬት አይሰጠውም፤ ለአካባቢው ገበሬ ዝናብ አያዘንብለትም። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጓሮው እስከ እንሰቱ፣ ከትግራይ እርከን እስከ ሐርትሼክ አንድ ሕግ አይተናል፤ መሬቱን ያልተማመነ ሰው አፈሩን አያዳብርም። በርሜሉ ይህን ሕግ በትንሹም ቢሆን ይሰብረዋል። መሬት የሌለው ሰው አፈር ሊኖረው ይችላል፤ ሲሄድም ሊወስደው፣ ወይም ለጎረቤቱ ሊያወርሰው ይችላል።

የከተማው ሰው ይህ የካምፕ ጉዳይ ነው እንዳይል፣ አዲስ አበባም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቆሻሻዋ የሚበሰብስ ነው። እሱን ለአሥርት ዓመታት ቆሼ ላይ ከመርነው፤ በመጋቢት 2017 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። አፈር መሆን ይችል የነበረው ነገር ነው ተራራ ሆኖ የገደለን።

እንግዲህ በሸደርም ሆነ በሰፈራችሁ አንድ አሮጌ በርሜል ከተገኘ፣ ከውስጡ የሚወጣውን ብስባሽ የምትሞሉት በዚያው ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ሁለት የሰላጣና አንድ የቲማቲም ችግኝ ትክሉበት። ያን ጊዜ ከረጢቱ ስሙን መልሶ ያገኛል።