መኮርኮር

መኮርኮር (ግሥ፤ ኮረኮረ) ብብትን፣ ጎንን ወይም ውስጥ እግርን በጣት ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ማሳቅ ነው። እናት ጣቶቿን እያርመሰመሰች ወደ ሕፃኑ ብብት ስትጠጋ፣ ልጁ ገና ሳትነካው ተሸማቆ ይስቃል።

ቃሉ ቅርርብን ይጠይቃል። «አትኮርኩረኝ» የእኩዮችና የቤተሰብ ንግግር ነው፤ «አይኮርኩሩኝ» ግን ከስንት አንዴ ቢሰማ ነው፤ አንቱ ከሚባል ሰው ጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ አልተለመደምና። ትከሻን ቸብ ማድረግና በክርን ጎሸም ማድረግ ጎረቤቶቹ ናቸው። ኮረኮመ በድምፅ ቢቀርበውም በትርጉም ሩቅ ነው፤ ኩርኩም በጣት አንጓ ራስ ላይ የሚያርፍ ቅጣት ነው። በምሳሌያዊ አነጋገር «ስሜት ኮርኳሪ» ፊልም ይባላል፤ ሕሊናንም ጥያቄ ይኮረኩረዋል። ከቃሉ አገልግሎቶች ሁሉ ውቡ ይህ ምሳሌያዊው ይመስለናል።

ቃሉ ከሌሎች ቋንቋዎች ቃላት ጋርም ይገናኛል፤ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት በከፈላት የሞያሌ ከተማ፣ በኬንያው ወገን፣ አማርኛ ከቦረና ኦሮምኛ፣ ከሶማሊኛ፣ ከቡርጂኛና ከስዋሂሊ ጎን ይሰማል። በስዋሂሊ መኮርኮር ኩቴኬንያ ይባላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ስታንሊ ሆልና አርተር አሊን በ1897 እ.ኤ.አ. መኮርኮርን ለሁለት ከፈሉት፦ እንደ ላባ ንክኪ ቆዳን የሚያሳክከውና ጠንከር ብሎ የሚያስቀው። ሰው ራሱን ኮርኩሮ መሳቅ የሚሳነው ለምን እንደሆነ በ1998 እ.ኤ.አ. የአንጎል ተመራማሪዋ ሣራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ አጥንተዋል፤ ትንሹ አንጎል የራስን እጅ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚገምት ስሜቱ ይደበዝዛል።